ከሥሩ ባዩ ቢራራና የወደቡ ወንድማማቾች

ወሬ ከመካከሉ ሲጀመርለት የማይዋጥለት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ጎንደር አንድ አለ። ዳባት አንድ አለ። ኮሶዬም እንኳ፣ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንደሩን ቢሸፍነውም፣ ውስጡ ገብታችሁ ብትፈልጉ አታጡትም። ይህን ሰው «ዝናብ ደበደበኝ» ብትሉት «ከቤት ስትወጣ ሰማዩ እንዴት ነበር?» ይላችኋል። «ሆዴን ቆረጠኝ» ብትሉት ከትናንት በስቲያ የበላችሁትን ያስታውሳችኋል። «ቤቱ እየተቃጠለ ነው!» ብላችሁ ብትጮኹ፣ ውኃ ከመቅዳቱ በፊት ክብሪቱን ማን እንደገዛው መጠየቁ አይቀርም።

የእኛ የደባርቆቹ ልብስ ሰፊው ቢራራ ነው። ሙሉ ማዕረጉ ክቡር ሊቀ ቅደም ተከተል አቶ ቢራራ ሲሆን፣ ሹመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም የተቃወመ የለም። በወጉ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ዳሩ ግን አብረን ፊደል ስለ ቆጠርን አንተ እንባባላለን። ፊደሉንም ቢሆን እኛ «ሀ ሁ» ብለን ስንቀጥል እሱ «የኔታ፣ ከሀ በፊት ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። የኔታ መልስ አልነበራቸውም፤ አለንጋ ግን ነበራቸው።

አንዲት ንግግር አለችው። «ከሥሩ ይምጣ!» ይላል። ይህችን ከማለቱ በፊት መቀሱን ያስቀምጣል። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ሲል ከሰማችሁ ቶሎ እንደማትሄዱ ዕወቁ። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ብትወስዱለት «ወድቄ ነው» ማለት አይበቃውም። ከየት ስትመጡ ወደቃችሁ? ለምን በዚያ በኩል መጣችሁ? የሄዳችሁበት ሰው ምን ሆኖ ነበር? አንድ የሳንቃ በር ስካውት፣ የፓርኩ ዘብ፣ ሱሪውን ሊያስጠግን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ፣ ሱሪውም ተጠግኖ ነበር፣ እሱም ከአማቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ገብቶት ነበር።

አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። ቢራራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነ፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነበር። ነገሩ ከአያቶቻቸው ተጀመረ። አያቶቹ አብረው ቁጥቋጦውን መንጥረዋል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አርሶለታል፤ ልጆቻቸውን አብረው ክርስትና አስነሥተዋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አጥሩ ገና አልታጠረም፤ በታሪኩ ማለቴ ነው። ባለጉዳዮቹ ተያዩና «ኧረ ይቅር ለእግዚአብሔር!» ተባብለው፣ ተሳስመው ተነሡ። ቢራራ ግን ተከፋ። «ምነው ምነው? አባቶቻችሁ እኮ ገና ሚስት አላገቡም!» እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተላቸው።

በእኛ ጊዜ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ከእያንዳንዱ ምንባብ ግርጌ ጥያቄ ነበረው። የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ፣ «ባለታሪኩ ይህን ያደረገው ለምን ይመስላችኋል?» ይላል። እኔም መምህር ሆኜ ይህንኑ ጥያቄ ለስንቱ ልጅ ስደግም ኖርሁ። ስለ ቢራራ ግን ብጠየቅ የምጽፈው አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት፣ ይገርማችኋል፣ በጌም ቤት ሰበብ ነው።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ባሽር የሚባል የነጋዴ ልጅ ከቢራራ ስፌት ቤት ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፈተ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ የተለጠፈ ስዕል። መስኮት የላትም። በስፌት ቤቱና በጌም ቤቱ መካከል ያለው ጣውላ ስለሆነ፣ ወዲያ የተተነፈሰው ወዲህ ይሰማል።

ጎረምሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ነበር የሚጫወቱት። ግን ደግሞ «ወደቡ» የሚሉት አንድ ጌም ነበራቸው። ስለ አንድ የባሕር ወደብ ከተማና ስለ ወንበዴዎቿ የሚተርክ ነው። ዋናው ሰውዬ ማርኮ ይባላል፤ ጥቁር የቆዳ ጓንት ከእጁ ስለማይለይ «ባለ ጓንቱ» ይሉታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ የማደጎ ወንድም አለው፤ ስሙ ኒኖ ነው።

አንድ ቀን የኮቴን ጫፍ ላስቀንስ ቢራራ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከጣውላው ማዶ አንድ ሰው «ኒኖ! ኒኖ!» እያለ አምርሮ ጮኸ። መቀሱ ቀጭ አለ። ቢራራ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተነሥቶ ወጣ፤ እኔም አንድ እጅጌ ለብሼ ተከተልሁ።

ሙሌ ነበር የሚጫወተው። ሙሌ ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራይ፣ አፉ ከእግሩ የሚፈጥን ጎረምሳ ነው።

«ይህ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ ቢራራ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለ ሙሌ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

«አንተ አይደለህም እንዴ የምታስጮኸው?»

«እኔ ዱላውን ነው የማውቀው።»

«እሺ፣ አሁን የጣልኸው ሰው ምን አደረገህ?»

«ምንም።»

«ምንም ሳያደርግህ!»

«ጌም እኮ ነው ጋሼ! ወሬው ኤክስ የምትባለዋን ቁልፍ ሲጫኑ ይዘለላል፤ ከዚያ ዱላው ይመጣል።»

«ወሬው ይዘለላል?» አለ ቢራራ። ቅዳሴውን ዘልሎ ለጸበል ጻዲቁ ብቻ የሚመጣ ሰው ያየ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ባሽር ዞረና፣ «ከሥሩ ይምጣ!» አለ።

ባሽር አስረዳው። ወደቡ ስድስት ክፍል ነው። የሚገርመው ግን፣ አምስተኛው ክፍል ከሌሎቹ ዘግይቶ ቢወጣም የሚተርከው የወንድማማቾቹን ልጅነት ነው። እዚህ ላይ ነገሩን በደንብ የምታውቀው እኅቱ ፈትያ ጣልቃ ገባች። ፈትያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ሳይደናቀፍ ይፈስሳል፤ ጌም ቤቱን ከወንድሟ ጋር እየተፈራረቀች ትጠብቅ ነበር።

«በታሪኩ ቅደም ተከተል ከሆነ ጋሼ» አለች፣ «አምስተኛው ይቀድማል። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ስድስተኛው መደምደሚያው ነው። ግን እንዲያ አድርጎ የሚጫወት የለም።»

ቢራራ ይደናገራል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ። «ደራሲው ጨዋ ሰው ነው!» አለ። «ከመካከል መጀመሩ ቆይቶ ቆጨው፤ ተመልሶም ሥሩን አበጀ። ስንቱ ነው ተመልሶ የሚያበጅ? በሉ አምስተኛውን አምጡ።»

«አምስተኛው እዚህ የለም ጋሼ፣ ጎንደር ነው።»

«እጠብቃለሁ።»

ሙሌ ሳቀ። «ምን ይጠብቃሉ ጋሼ፣ ኒኖ እንደሁ በስድስተኛው—»

ፈትያ እግሩን ረገጠችው። ጥርሱን ነክሶ እግሩን አሻሸ። ቢራራ ወደ ስፌት መኪናው ከተመለሰ በኋላ ደጅ አውጥታ ስትገሥጸው ሰማሁ።

«መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? መንገድ ላይ? አፍህን ከፍተህ?»

«የጌም ሰው እኮ ነው ፈቲ!»

«ለሳቸው የጌም ሰው አይደለም። ፊታቸውን አላየህም?»

እንደ ገባኝ፣ ኒኖ በስድስተኛው ክፍል ይሞታል። ያም በየግድግዳው የሚለጠፍ ነገር ነው፤ የጌም ቤቱ ትልቅ ስዕል ራሱ ባለ ጓንቱ ማርኮ በአንድ መቃብር አጠገብ ተንበርክኮ የሚታይበት ነበር። በማግስቱ ስዕሉ ተገልብጦ፣ ነጭ ጀርባው ወደ ሰው ዞሮ ተለጥፎ አገኘነው።

«ይህ ምን ሆኖ ተገለበጠ?» አለ ቢራራ።

«ፀሐይ እየበላው ነው ጋሼ» አለ ባሽር።

ቢራራ ጥቂት አየውና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

አምስተኛው ከጎንደር መጣ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጨዋታው ተጀመረ። ቢራራ መጫወቻውን ቢይዘው ባለ ጓንቱ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ መሄድ ብቻ ስለሆነበት፣ ሥራው ተከፋፈለ። ሙሌ እጅ ሆነ፤ ፈትያ አፍ ሆነች፤ ቢራራ ራስ ሆነ። ማንም ኤክስ እንዳይነካ ተደነገገ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ያለፈውን እናንሣ» ይልና ያለፈው ይነሣል። ያለፈውን ማንሣት ከጨዋታው ይረዝም ነበር፤ ነገር ግን ማን የማን አጎት እንደሆነ፣ ማን ለማን ቂም እንደያዘ በዚህ አጋጣሚ ሁላችንም ተማርን። እኔ የራሴን የእናቴን ወገን እንዲያ አብጠርጥሬ አላውቅም።

ሊቀ ቅደም ተከተል በወደቡ ከተማም ባሕርዩን አልለወጠም። መንገድ ላይ የቆመውን ሁሉ እንዲያነጋግር ሙሌን ያዝዘዋል። «ያችን ሴትዮ አልፈሃት ልትሄድ ነው?»

«ዓሣ ሻጭ ናት ጋሼ፣ ለታሪኩ አትጠቅምም።»

«ምን ታውቃለህ? ጠይቃት።»

ኮቱንም ይተቻል። «የዚህ ሰውዬ ኮት ትከሻው ላይ አልተቀመጠም። ሳይለካው ነው የሰፋለት» ይላል። ኒኖን ደግሞ እንደ ጎረቤት ልጅ ይመክረዋል፤ ይሰማው ይመስል። «ኒኖ ልብ ያንሰዋል እንጂ ክፉ አይደለም። ያንን መጠጥ ቢተው ሰው ይወጣዋል።» ይህን ሲል ሙሌ ድንገት ሻይ ላምጣ ብሎ ይወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ዱላ ቀረ፤ «በጾም ሰው አንማታም» ተባለ። ስለዚህ ባለ ጓንቱ ጾሙን ሙሉ ወደቡ ላይ ሲንሸራሸር፣ መርከብ ሲያይና ዓሣ ሲያጠምድ ከረመ። ዓሣው በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ላይ ከተመልካቹ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፣ በአንድ ቄስ ካልሆነ አይቋጭም ተብሎ በይደር ታለፈ።

ተመልካች አልሁ፤ አዎን፣ ተመልካች ነበር። የበቅሎ ነጂዎቹ ይመጣሉ፤ ስካውቶች ይመጣሉ፤ እኔም አላጓደልሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ከቢራራ ሌላ፣ የኒኖን ነገር የማያውቁት እኔ ያልነገርኋቸው ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ጎረምሳው ሁሉ ያውቃል። አንዱ ሊያመልጠው ሲል ሌላው ያስላል። ቤተሰብ መርዶ ሲደብቅ ያያችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ በድንገት ደግ ይሆናል። ደባርቅ ላይ እንዲያ ያለ ሳል የበዛበት ዓመት አላየሁም።

ክፍል ሦስት ያለቀው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛ፣ የፈትያ ውጤት መጣና ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ መስቀል እንዳለፈ መሄዷ ነው። ሁለተኛ፣ አራተኛው ክፍል ጠፋ። ባሽር ከጎንደር ያመጣው ሲዲ አልከፍት አለ፤ ሌላ አመጣ፣ እሱም የዚያው ግልባጭ ነበር። ስድስተኛው ግን ድሮም መሳቢያው ውስጥ አለ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ያላስፈለግሁበት ቦታ የለም» አለ ባሽር። «አራተኛውን እንዝለልና መደምደሚያውን እንጨርስ። ፈትያም ሳትሄድ።»

«እኔ ቤት የምገባው በጣራ ነው እንዴ?» አለ ቢራራ።

«እሷ ከሄደች ማን ያነብልዎታል?»

ቢራራ ፈትያን አየ። ከዚያ መሬት አየ። «ይቅርብኝ» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

በዚያ ሳምንት የመጋቢ ሃይማኖቱን ልጅ የሙሽራ ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። እጁ እንዲያ ሲስት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ሰው ስለ አንድ ሲዲ እንዲህ መሆኑ፣ እውነቴን ነው፣ አናደደኝ። ልሟገተው ቤቱ ሄድሁ። እሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ውቢት ነበረች።

«ምናለበት አንዱን ቢዘልለው?» አልኋት። «ልጅቷ ልትሄድ ነው። የሚቀጥለውን ሳያይ ሊቀርበት ነው።»

ውቢት ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎም አያውቁትም እንዴ መምህር? አብሮ አደግ ሆናችሁ?»

«ምኑን?»

«ያርጋልን የሰማበትን።»

ያርጋል የቢራራ ታናሽ ወንድም ነበር። መሞቱን አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ እኔ ሌላ አውራጃ እያስተማርሁ ነበርና ከዚያ በላይ አላውቅም። ውቢት ነገረችኝ። ቢራራ ወታደር ነበር። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ዳባት ደረሰ። ሻይ ቤት ገብቶ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ከደጅ ብቅ ብሎ፣ «ቢራራ! ለያርጋል ተዝካር ደረስህ?» አለው። የሚያውቅ መስሎት ነው። ሰውዬው ክፋት የለበትም።

«ተነሥቶ ወጣ አሉ» አለች ውቢት። «ብርጭቆውን እንደያዘ ነው እዚህ የገባው፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ።» በአገጯ መደርደሪያውን አመለከተችኝ። አንድ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል፣ ወፍራም የሻይ ብርጭቆ ነበር። «ከዚያማ ቤት ለቤት ዞረ። ሕመሙ እንዴት ጀመረው? አንዱ በአጨዳ ጊዜ ይለዋል፤ አንዱ በሁዳዴ ይለዋል። አንዱ ስምህን ጠርቷል ይለዋል፤ አንዱ አፉም አልተፈታ ይለዋል። እስከ ዛሬ አልገጠመለትም። ከዚያ በፊት መጠየቅ ይወዳል እንጂ እንዲህ አልነበረም።»

የመማሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ ጥያቄ እንዲህ ተመለሰልኝ። ሳልሟገት ወጣሁ።

ለፈትያና ለሙሌ ነገርኋቸው። ሙሌ፣ «አራተኛውን ዳባትም ጎንደርም የተጫወቱ ልጆች አሉ» አለ። «እኔም ተጫውቼዋለሁ። ለምን በቃል አንነግራቸውም? ከሥሩ!»

ችግሩ፣ ሁሉም ወሬውን በኤክስ እየዘለሉ የተጫወቱ መሆናቸው ነው። የሚያውቁት ዱላውን ብቻ ነበር። «ድልድዩ ላይ ተማታን» ይላል አንዱ። «ከማን ጋር?» ትላለች ፈትያ። «ከአንድ ወፍራም ሰውዬ።» «ምን ለብሷል?» «የፖሊስ።» «ኒኖ ከየትኛው ወገን ነበር?» «...ከወፍራሙ ጋር!» «አሃ፣ ከድቶታል ማለት ነዋ!» «እንዴ! ከድቶት ነበር?» እንዲህ እያለች ከድብደባ ታሪክ አወጣች። ብጥስጣሽ ጨርቅ ሰብስቦ ልብስ ማውጣት ነው፤ ቢራራ ቢያያት ደቀ መዝሙሩ ያደርጋት ነበር።

እሑድ ተቀምጠው ነገሩት። መቀሱን አስቀምጦ ሰማ። የማያውቁት ቦታ ሲደርሱ ፈትያ ፈራ ተባ እያለች፣ «እዚህ ላይ የሆነውን አናውቅም ጋሼ፤ ያየው ሰው አጣን» አለች። ይቆጣል ብለን ጠበቅን።

«ያልታወቀው ሳይታወቅ ይቀመጥ» አለ። «ቦታው ላይ ግን ይቀመጥ። ቀጥዪ።»

ስድስተኛውም ተጀመረ። ፈትያ በምትሄድበት ቀን ዋዜማ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። ሙሌ፣ ያ መርዶውን መንገድ ላይ ሊናገር የነበረው ሙሌ፣ ጎኔን ጎሸም አድርጎ፣ «በማለዳ ይሁን መምህር። መርዶ በማለዳ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰብን። የደባርቅን የመስከረም ብርድ ታውቁታላችሁ። ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል፤ ባሽር ከሱብሒ ሶላት መልስ ጃኬቱ ላይ ፎጣ ደርቦ በሩን ከፈተ፤ ውቢት ነጠላዋን ጠምዝዛ መጣች። ቦታ የጠበባቸው ደጃፉ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያላሰብነው ነገር፣ ይህ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከኪዳን ሲመለሱ በማለዳ በልብስ ሰፊው ደጅ ጋቢ የተከናነበ ሕዝብ አዩ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አዘዋውረው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ከሩቁ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ መጡ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተ እማማ!» አልሁ በሹክሹክታ።

«ደግሞ ይደብቁኛል! እኔ መርዶ የማልችል ነኝ? ማን ነው በሉኝ!»

«ኒኖ!» አለ ሙሌ ከውስጥ። አመለጠው። ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ ሻይ እዚህ ላይ ፈሰሰ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ጓንቱ ኒኖን ፍለጋ ደረጃው መካከል ቆሟል። ፈትያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ኒኖ?» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ። «የማን ልጅ ነው? ከጃናሞራ ነው?»

ቢራራ ዞር ሳይል፣ «የወደብ ልጅ ነው እማማ። ይግቡ፣ ብርድ ነው፤ ይቀመጡ» አላቸው። ከዚያ ሙሌን፣ «አትደንግጥ» አለው። «ስዕሉን የገለበጣችሁት ዕለት ነው ያወቅሁት። መስኮት የሌለው ቤት ምን ፀሐይ ይገባዋል?»

«ታዲያ ጋሼ» አለ ሙሌ፣ «ካወቁት ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ?»

«ማወቁንስ አውቄዋለሁ። የጠበቅሁት በወጉ እንዲነገረኝ ነው። በል ፎቁን ውጣ።»

ሙሌ ፎቁን ወጣ። ኒኖ ቆስሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ባለ ጓንቱ፣ ያ ጓንቱን አውልቆ የማያውቀው ሰው፣ ጓንቱን አውልቆ እጁን ያዘው። ኒኖ አንዲት ነገር ተናገረ። ፈትያ ወደ ቢራራ ዞረች።

«ምን አለ?» አለ ቢራራ።

«‹እኔ ልቅደም› ነው ያለው።»

አስታወስነው። በልጅነታቸው፣ አምስተኛው ተብሎ አንደኛ በሆነው ክፍል፣ ሁለቱ ልጆች አምሽተው ሲገቡ የእንጀራ አባታቸው ከበሩ ጀርባ ቀበቶ ይዞ ይጠብቃል። ቀድሞ የገባው ነው የሚመታው። ሁልጊዜ በሩ ላይ ሲደርሱ ኒኖ ማርኮን ገፋ አድርጎ «እኔ ልቅደም» ይለው ነበር።

ሙሌ መጫወቻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ይህቺን ስንት ጊዜ ዘልያታለሁ!» አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ቴሌቪዥኑ መሆኑ ገብቷቸዋል፤ ግን አንዴ የጀመሩትን እንባ የሚመልሱበት ምክንያት አላገኙም። «ለመሆኑ ልጅ ተክቷል?» አሉ።

«አልተካም እማማ።»

«ወይ ልጄን!» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቆይተው ቢራራን አዩት። «አንተስ ብትሆን ወንድም ነበረህ አይደለም እንዴ? ያ ሳቂታው። ማን ነበር?»

«ያርጋል» አለ ቢራራ።

«እሱን፣ እሱን። ከልጅነቱ ነው የማውቀው። እስቲ ስለሱ ንገረኝ።»

ቢራራ መቀስ እንደሚፈልግ ሁሉ በእጁ ወንበሩን ዳበሰ። ከዚያ፣ ይህን ሰው ከፊደል ቤት ጀምሮ ሳውቀው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ጠየቀ።

«ከየት ልጀምር?»

ውቢት እኔን አየችኝ፤ እኔ ፈትያን አየሁ። ማንም አላሳለም።

«ከመጣልህ ጀምር ልጄ» አሉት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ።

«አንድ ቀን» አለ ቢራራ፣ «የጠፋ በሬ ፍለጋ ሊማሊሞን ስንወርድ፣ ያርጋል ጫማውን አውልቆ በአንገቱ አንጠልጥሎ...»

የማን በሬ እንደሆነ አልተናገረም። እንዴት እንደጠፋ አልተናገረም። ጫማውን ለምን እንዳወለቀም አልገባንም። እንደዚያ ከመካከል፣ በሬውን ትቶ ወደ አንድ ሠርግ፣ ሠርጉን ትቶ ወደ አንድ ዝናብ ይዘልላል፤ አንዳንዴ ይስቃል። ባሽር ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ፣ ጋቢዬን ሰብስቤ፣ ሥሩ የት ነው ሳልል ፀሐይ ደጃፉን እስክትሞላው ድረስ ሰማሁት።